ለሚያገግም ሯጭ ሦስት ኪሎ ሜትር ይበቃዋል

ከባሕር ዳር እስከ እንጅባራ በዱላ ቅብብል እንሩጥ ብሎ የሚነሳ ቡድን መጀመሪያ የሚያደርገው ኪሎ ሜትሩን ለሰው ቁጥር ማካፈል ነው። መንገዱ 118 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው ሰባት ከሆነ ለአንዱ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሰዋል። እኩል ስለሆነ ማንም ቅር አይለውም። ነገር ግን ከሰባቱ አንዱ የተረከዝ ጅማቱን ወይም ጉልበቱን ታሞ ከርሞ ገና መሮጥ የጀመረ ከሆነ ክፍፍሉ ዳንግላ ሳይደርስ ይበላሻል። ዱላ ቅብብል ለሚያገግም ሰው ከሌላው ውድድር ሁሉ የሚሻለው ድርሻን አበላልጦ መስጠት ስለሚቻል ነው። ይህን ዕድል ያልተጠቀመበት ቡድን ጓደኛውን ግማሽ ማራቶን ቢያስሮጠው ይሻለው ነበር፤ በቅብብል እግሩ በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ቀዝቅዞ እንደገና መነሳት አለበትና።

ማበላለጥ ነውር የለበትም። ጃፓኖች ኤኪደን የሚሉት የጎዳና ቅብብል እ.ኤ.አ. በ1917 ከኪዮቶ ወደ ቶኪዮ የተጀመረ ነው። ዛሬ በማራቶን ርቀት ሲካሄድ ስድስቱ ሯጮች 5፣ 10፣ 5፣ 10፣ 5 እና 7.195 ኪሎ ሜትር ይከፋፈላሉ። አጭሩን የወሰደ ሰው እንደ ሸክም አይታይም።

ስለ ክፍፍሉ ከማውራት በፊት ግን ጭራሹን መሮጥ የሌለበትን ሰው መለየት ይቀድማል። ሕመሙ በአንድ ጣት የሚነካ አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ቅልጥሙ ወይም የእግሩ ጀርባ ላይ አጥንቱ ሲጫን የሚያም ከሆነ፣ በእርምጃ ብቻ ወይም ሌሊት ተኝቶም የሚሰማው ከሆነ በጫና ብዛት የመጣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በኤክስሬይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ «ኤክስሬይ ተነስቻለሁ፣ ምንም የለም» የሚል መልስ አያዝናና፤ ሐኪሙ ኤምአርአይ ወይም ድጋሚ ምርመራ ማዘዝ ሊኖርበት ይችላል። ብሽሽቱ ውስጥ ጠልቆ የሚያመው ሯጭ ደግሞ በአንድ እግር ዝለል ተብሎ እንኳ መፈተን የለበትም። የጭን አጥንት አንገት (ከዳሌው አጠገብ ያለው ቀጭን ክፍል) ስንጥቅ እየተሮጠበት ሙሉ ለሙሉ ሊሰበር ይችላል። አጥንት ላይ «ትንሽ ሕመም ችዬ» የሚባል ነገር የለም።

ወጌሻም ይነሳ። ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል ወጌሻ ዘንድ መሄድ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ እጃቸው የተባረከ አሉ። ነገር ግን የተሰነጠቀ አጥንትን ማሸት ጉዳት ነው፤ የታመመ የተረከዝ ጅማትንም ተረከዙ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ጨምቆ ማሸት ይብሱን ያስቆጣዋል። ባትን ቀለል አድርጎ ማሸት ይቻላል፤ ጅማቱን ግን ተዉት። ጅማትን የሚያድነው ቀስ በቀስ የሚጨመር ጫና ነው፦ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ቀስ ብሎ ማውረድ፣ ጉልበትን ዘርግቶም አጥፎም፣ በየጊዜው 15 ጊዜ ሦስት ዙር። ጅማት እንደ ጡንቻ ቶሎ አይጠነክርም፤ ሦስት ወር ያህል መታገሥ ይጠይቃል። አልጋ ላይ ሁለት ወር የተኛ ጅማት ሕመሙ ቢጠፋም አልዳነም፤ ደክሟል እንጂ።

ለጅማትና ለጉልበት ጉዳት መመዘኛው እንዲህ ነው። ሯጩ ሠላሳ ደቂቃ በፍጥነት ተራምዶ ሕመም አይሰማው። በታመመው እግሩ ብቻ ቆሞ ተረከዙን ሃያ ጊዜ ያንሳ፤ ከጤነኛው እግር ጋር ሲነጻጸር ቁመቱ እኩል ይሁን። ጉልበቱን የታመመ ከሆነ ደረጃ እየወረደና በአንድ እግሩ አሥር ጊዜ ቁጢጥ እያለ ይሞከር። ይህን ያለፈ ሰው ቢያንስ ለአራት ሳምንት ቀን እየዘለለ ሮጦ መሆን አለበት፤ አንድ ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ በመራመድ ጀምሮ ሩጫውን እያረዘመ። ሕመሙን ከ10 ነጥብ ይስጠው። እስከ 3 ያለ፣ ሲሮጥ የማይጨምር፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት የሚመለስ ሕመም ይፈቀዳል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ካስነከሱት ግን የትናንቱ ሩጫ በዝቷል ማለት ነው። ትክክለኛው ዳኛ የማግስቱ ጠዋት ነው፤ ሩጫ ላይ ሰውነት ስለሚሞቅ ጅማት ይዋሻል።

አሁን ክፍፍሉ። የምንከተለው ልክ ቀላል ነው፦ ሰውየው በቅርቡ ያለ ችግር በአንድ ጊዜ የሮጠውን ረጅሙን ርቀት ውሰዱ፤ በቅብብሉ ቀን ያሉት ድርሻዎች ድምር ከዚያ አይብለጥ። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሮጦ ከሆነ በሦስት ኪሎ ሜትር ሦስት ጊዜ። ስድስቱ ጤነኞች የቀረውን 109 ኪሎ ሜትር ይካፈሉታል፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ የመጨረሻው አንድ ተጨማሪ። ለአንድ ኪሎ ሜትር አምስት ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ፣ የሚያገግመው ደግሞ ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ቢፈጅ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ባሕር ዳር የተነሳ ቡድን ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ገደማ እንጅባራ ይገባል፤ ከመምሸቱ በፊት የአንድ ሰዓት ያህል ትርፍ ይኖራል።

የሚያገግመው ተራ የት እንደሚገባ ከርዝመቱ እኩል ያሳስባል። ሦስት ጤነኞች 27 ኪሎ ሜትር ከሮጡ በኋላ፣ መራዊ አካባቢ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን የመጀመሪያውን ሦስት ይውሰድ። የመጀመሪያው ተረኛ አይሁን፤ የተረከዝ ጅማት የሚደርቀው በጠዋት ነው፣ የቡድን መነሻ ላይ ያለው ጭብጨባም ከታሰበው በላይ ያስፈተልካል። ሁለተኛው ተራ 57ኛው ኪሎ ሜትር ላይ 5 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይደርሳል። ሦስተኛው ዳንግላን አልፎ 87ኛው ላይ፣ 8 ሰዓት ሲሆን ነው። ይህን ሦስተኛውን ከመጀመሪያው እንደሚታጠፍ አድርጋችሁ ያዙት፦ ከፊቱ የሚሮጠው 12 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ተዘጋጅቶ ይምጣ፤ የሚያገግመው ደህና ከሆነ ሦስቱን ይረከበዋል። አቀማመጡ እንዲህ ከሆነ ሰውየው ሲቀር ማንም አይደናገጥም። የመጨረሻውንም ተራ አትስጡት። እንጅባራ መግቢያ ላይ ጓደኞቹ ተሰልፈው እየጠበቁት የሚያነክስ ሰው አይቆምም።

መንገዱ ወደየት እንደሚሄድ እንደ ጉዳቱ ዓይነት ይወሰን። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ዳንግላ 2,100 አካባቢ፣ እንጅባራ ከ2,500 በላይ። ዳገቱ አይገንም፤ ግን ከዳንግላ በኋላ አዲስ ቅዳምን አልፎ እስከ እንጅባራ እየቆየ ይነሳል። አቀበት ባትንና የተረከዝ ጅማትን ይጎትታል። ቁልቁለት ደግሞ ጉልበትንና ቅልጥምን ይመታል። ስለዚህ ጉልበቱን ለታመመ ሰው ከባሕር ዳር ወደ ላይ መሮጥ ይስማማል፤ ተረከዙን ለታመመ ግን ከእንጅባራ ተነስቶ ወደ ሐይቁ መውረድ ይሻላል። አንድ ቡድን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሕመምተኞች ካሉ አቅጣጫውን ተዉትና ሜዳ ሜዳውን አካፍሏቸው፤ ከመራዊ እስከ ዳንግላ ያለው ክፍል ለዚያ ይመቻል።

ከደብረ ማርቆስ ደጀን ያለውን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚመርጡም አሉ፤ በሉማሜ በኩል መንገዱ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ክፉ አይደለም። ደጀን ላይ ግን ይብቃ። የአባይ በረሃን ቁልቁለት መሮጥ፣ ከ1,300 ሜትር በላይ በሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ መውረድ፣ ጤነኛውንም ለሳምንት ደረጃ ያስፈራዋል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር፦ አስፋልት ውሃ እንዲፈስለት ወደ ዳር ያዘነብላል። መኪና ፊት ለፊት እያዩ ለመሮጥ ግራ ጠርዙን ስንይዝ ግራ እግር ዝቅ ባለው በኩል ያርፋል፤ ቁርጭምጭሚቱም ወደ ውጭ ጎን ይጋደላል፣ ወለም ሲል እንደሚታጠፈው። ግራ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎ የዳነ ሰው ለሃያ ደቂቃ እዚያ ላይ መሮጥ የለበትም። ከአስፋልቱ ውጭ ደረቅና የተደለደለ የእግር መንገድ ካለ እሱን ይያዝ፤ ከሌለ መኪና እንደሌለ የሚያይለት ሰው ከኋላው ይኑር።

ይህ መኪና የሚያይለት ሰው በብስክሌት ቢሆን እንመርጣለን። ባሕር ዳር ብስክሌት የማይነዳ ወጣት መቼም ብርቅ ነው። ሚኒባሱ ወደ ቀጣዩ መቀባበያ ቦታ ይቀድማል፣ ብስክሌተኛው ውሃና ስልክ ይዞ ከሚያገግመው ጋር ይቀራል። ሥራው ሦስት ነው፦ መኪና ማየት፣ ውሻ ማባረር፣ ፍጥነት መያዝ። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች «አይዞህ! በርታ!» እያሉ አብረው ሲሮጡ ስድስት ከአርባ የነበረው ሰው ሳያውቀው አምስት ደቂቃ ይገባል። ልጆቹን መቆጣት አያስፈልግም፤ ብስክሌተኛው ከፊት ቀድሞ ቀስ ይበል። ሯጩም እርምጃውን ያሳጥር፤ በደቂቃ 160 የሚረግጥ ከሆነ 170 ያድርገው፣ ፍጥነቱን ሳይጨምር። እርምጃን በዚህ መጠን ማብዛት ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል።

ብዙ ቡድን የሚሳሳተው ሩጫው ላይ አይደለም፤ በሁለቱ ሩጫዎች መካከል ባለው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሰውየው ሦስት ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ በላብ እንደራሰ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ፣ ሻንጣ መሀል፣ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል። ሲወርድ ባቱ እንጨት ሆኗል። ሹፌሩ ዘግይቶ ስለደረሰ ቀዳሚው ሯጭ ዱላውን ይዞ መጥቷል፤ ሳያሟሙቅ ይፈተለካል። ሕመሙ ከመጀመሪያው ተራ ይልቅ ሁለተኛው ላይ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እንደጨረሰ ወዲያው አይቀመጥ፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይራመድ። እርጥብ ካኔቴራና ካልሲ ይቀይር፣ ረጅም ቱታ ይልበስ። የፊት ወንበር የእሱ ይሁን፤ ቡድኑ ይህን ሳይከራከር ይቀበል። በየአርባ ደቂቃው ወርዶ ጥቂት ይራመድ፣ ተረከዙን አሥር ጊዜ ያንሳ። ተራው ከመድረሱ ሃያ አምስት ደቂቃ በፊት መቀባበያው ቦታ ላይ ደርሶ ይገኝ፤ አምስት ደቂቃ ፈጠን ብሎ ይራመድ፣ አምስት ደቂቃ ሶምሶማ ይሩጥ፣ ሁለት ጊዜ አሥር ተረከዝ ያንሳ። የታመመ ጅማትን ተንጠራርቶ መሳብ ማሟሟቅ አይደለም፤ ተረከዙ ላይ ያለውን ጅማት ከአጥንቱ ጋር ያጣብቀዋል። አንድ መኪና ብቻ ያለው ቡድን ይህን ሰዓት ማክበር ስለሚያቅተው ሁለተኛ መኪና ወይም ሞተር ማሰብ አለበት።

ከቅብብሉ ሁለት ሳምንት በፊት ይህን ራሱን መለማመድ ከአንድ ረጅም ሩጫ ይበልጣል። ሦስት ኪሎ ሜትር ሩጡ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ወንበር ላይ ቁጭ በሉ፣ እንደገና ሦስት ሩጡ። በማግስቱ ጠዋት እግሩ ደህና ካደረ ቀኑን ይችለዋል። ካላደረ ሁለት ተራ ብቻ ይስጡት፣ ወይም ብስክሌቱን እሱ ይንዳ።

ቅብብሉ ላይ እንጨት ከመያዝ እንደ ኤኪደን ትከሻ ላይ የሚጠለቅ ጨርቅ ይሻላል፤ ሦስት ጣት ስፋት፣ ሁለቱ ጫፍ ተሰፍቶ የተጋጠመ፣ ርዝመቱ ከ1.6 እስከ 1.8 ሜትር። እጅ ነጻ ይሆናል። የሚያገግመው ሰው ቆሞ ይቀበል፤ እንደ ስታዲየም ቅብብል እየሮጠ ወደ ኋላ እጁን አይዘርጋ። ተቀብሎ እያጠለቀ ሠላሳ ሜትር ይራመድ፣ ከዚያ ሶምሶማ። ይህ ቡድኑን የሚያስከፍለው አሥራ አምስት ሰከንድ ነው።

መድኃኒት ላይ አጥብቀን እንናገራለን። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ውጦ መሮጥ ሕመሙን ይሸፍናል፤ ከላይ የተናገርነው ከ10 ነጥብ የመስጠት መለኪያ ሁሉ ይበላሻል። ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ፓራሲታሞልም ለኩላሊት ቢሻል መሸፈኑን አይተውም። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው። ለተቅማጥና ለታይፎይድ እየተባለ ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዛው ይህ መድኃኒት ጅማትን በተለይም የተረከዙን ያዳክማል፣ እስከ መበጠስም ያደርሳል፤ አደጋው መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል። በቅርቡ የወሰደ ሰው ተረከዙን ካመመው አይሩጥ፣ ለሐኪሙም ይንገር። ጅማቱ አጠገብ የስቴሮይድ መርፌ የተወጋም እንዲሁ።

ምግቡ ብዙ አያስጨንቅም፤ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ጉልበት አያልቅበትም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በግማሽ ሊትር ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው፤ ከተራው አንድ ሰዓት በፊት። ወፍራም በሶ ሆድ ውስጥ ስለሚያብጥ ቀጠን ይበል። ቆሎ ከሩጫው በኋላ ይሁን። ቀኑን ስትመርጡ ኅዳርና ጥር ደረቅ ስለሆኑ ይመቻሉ፤ ጾመ ነቢያት ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለሚገባ እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምሱ ጓደኞች ካሉ ከዚያ በፊት ወይም ከገና በኋላ አድርጉት። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው፤ ፈረስ ለማየት ከሆነ እሰየው፣ ለመሮጥ ከሆነ ግን መንገዱ አይበቃችሁም። መንገዱ ክፍት መሆኑንም ሳምንት ቀድማችሁ፣ ከዚያም በዋዜማው አጣሩ። ፀጥታው የሚያጠራጥር ከሆነ ከተማ ውስጥ ሦስት ኪሎ ሜትር ዙር ምረጡና በዚያው ተቀባበሉ፤ እውነቱን ለመናገር ለሚያገግመው ሰው ዙር ከሁሉም ይሻላል፣ በየትኛውም ሰዓት ቢያቆም ወንበሩ ቅርብ ነው።

ጫማም ይታይ። ሰልባጅ ተራ የሚገዛ የሩጫ ጫማ ላዩ አዲስ ሆኖ ሶሉ የሞተ ሊሆን ይችላል። በአውራ ጣት የሶሉን ጎን ጫን በሉት፤ ካልሰመጠ ወይም ሰምጦ ካልተመለሰ ተዉት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁም ከኋላ እዩት፣ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ የሌላ ሰው አረጋገጥ ገዝታችኋል። ተረከዙን የታመመ ሰው ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ይስማማዋል። ጫማውን ለቅብብሉ ቀን ብሎ አይቀይር።

ማቆምን የሚወስነው ሯጩ አይሁን። ሰዓት የሚይዘው የቡድን መሪም አይሁን። ብስክሌተኛው ይወስን፤ ሁሉም ቀድመው ይስማሙ። ማነከስ ሲጀምር፣ ሕመሙ 4 ደርሶ መጨመሩን ሲቀጥል፣ ወይም ስለት የመሰለ ውጋት ሲመጣ ይቆማል፤ የቀረውን ብስክሌተኛው ራሱ ሮጦ ይጨርሳል፣ ብስክሌቱን ደግሞ የቆመው ሰው እዚያው ሆኖ ይጠብቃል። ተረከዙ ላይ ድንጋይ እንደመታው ያለ ድምፅ ተሰምቶ በጣቱ ጫፍ መቆም ያቃተው ሰው ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል አይራመድ፤ የእግሩ ጣቶች ወደ ታች እንደተዘረጉ በካርቶን ወይም በእንጨት ታስሮ በቀጥታ ሆስፒታል ይወሰድ።

ማታ እንጅባራ ብርዱ ሹራብ ያስለብሳል፤ ባት ሸፍኖ መተኛት ነው። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች አስተውሉ። እንደ ወትሮው ከሆነ ሁለት ቀን እረፍት፣ ከዚያ ከቅብብሉ በፊት ከነበረው የተለመደ ሩጫ ግማሹ። ደረቅ ብሎ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ሩጫውን ለሳምንት አቁሞ ተረከዝ ማንሳቱን በሁለት እግር፣ ከሕመም በታች ይቀጥል። ካበጠ ወይም አጥንቱ ላይ የሚነካ ነጥብ ካለ ምርመራ ሳያደርግ አይሩጥ።